ሐኪሙ መጽሐፍ ከገለጠ አያውቅም ማለት ነው? ስለ ሕፃናት ሕክምና መመሪያ የሚወሩ ስህተቶች

የሕፃናት ሕክምና መመሪያ፣ ሐኪሞቹ «ጋይድላይን» የሚሉት፣ ሳል ይዞት የመጣ ልጅ ጎንደርም ይታከም ጂንካ ያው ሕክምና እንዲደርሰው በጽሑፍ የወጣ ስምምነት ነው። ስለሱ ግን የሚወራው ብዙ ነው።

«ጎበዝ ሐኪም በቃሉ ያውቃል»

ይሄን የሚሉት ወላጆች ብቻ ቢሆኑ ባልከፋ፣ አንዳንድ ሐኪሞችም ያምኑበታል። የልጅ መድኃኒት የሚለካው በኪሎ ነው። የ4 ኪሎ ጨቅላና የ18 ኪሎ ልጅ ጎን ለጎን ተኝተው፣ እንቅልፍ ያላየ ኢንተርን (ትምህርቱን ሊጨርስ የተቃረበ ተለማማጅ ሐኪም) ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ጄንታማይሲን የሚባለውን አንቲባዮቲክ በቃሉ ሲያሰላ ነው እኔ የምፈራው። መድኃኒቱ ሲበዛ ኩላሊትና ጆሮ ይጎዳል። ሰንጠረዥ ገልጦ የሚያይ ሐኪም ከገጠማችሁ ተመስገን በሉ።

«የፈረንጅ ነው፣ ለኛ አይሆንም»

ጤና ጣቢያ መመሪያው በቀለም ተከፍሎ የሰፈረበት ያ ሮዝ፣ ቢጫና አረንጓዴ ገበታ አለ አይደል? ሮዝ ላይ የወደቀ ልጅ በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል ይላካል። የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ገበታ የሚሰጠውን የተቀናጀ የሕፃናት ሕክምና ሥልጠና ገና ረቂቅ እያለ እ.ኤ.አ. በ1994 የሞከረው እኛው ጎንደር ነው።

«ራጅ ሳይነሳ ሳንባ ምች ማለት የድሃ ሕክምና ነው»

አይደለም። ልጁ ሳያለቅስ ትንፋሹ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቆጠራል። ከ2 ወር እስከ 12 ወር ለሆነው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ለሆነው 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ ሳል ያለበት ልጅ ከሆነ ሳንባ ምች ተብሎ ይታከማል። ራጅ ባክቴሪያውን ከቫይረሱ በደንብ አይለይም፤ በሀብታም አገሮችም ቤቱ ሆኖ ለሚታከም ልጅ ሁሉ ራጅ ይነሳ አይባልም። ትንፋሹ ካልፈጠነ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ካልሰረጎደና ሌላ አደገኛ ምልክት ከሌለ ጉንፋን ነው፣ አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም። እዚህ ላይ ነው ጭቅጭቁ፤ «ምንም ሳይሰጡኝ መለሱኝ» ተብሎ ከዚያ ቀጥታ ወደ ፋርማሲ።

«ግሉኮስ ካልተሰቀለለት ምኑን ታከመ?»

ይሄኛው ብዙ ሊያስወራ ይችላል። በከባድ ትኩሳት ደሙ በደንብ መዘዋወር ላቃተው ልጅ ብዙ ፈሳሽ በፍጥነት በደም ሥር መስጠት ለዓመታት ትክክል ተብሎ ሲሠራበት ኖሯል፣ የበለጸጉት አገሮች ልምድም ያው ነበር። ከዚያ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ከ3,100 በላይ ልጆች ላይ ጥናት ተደረገ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጣ። ፈሳሹን በፍጥነት ካገኙት መካከል በ48 ሰዓት ውስጥ 10.6 በመቶ ያህሉ ሲሞቱ ካላገኙት የሞቱት 7.3 በመቶ ነበሩ። ማንም አልጠበቀውም፣ ጥናቱም ሳያልቅ ቆመ። በተቅማጥ ውኃ ያለቀበት ልጅ ግን በጥናቱ አልተካተተም፣ የሱ ጉዳይ ሌላ ነው። እሱም ቢሆን መጠጣት ከቻለና በጣም ካልደረቀ ኦአርኤስና ዚንክ ይበቁታል።

«መመሪያው ከታተመ አለቀ»

ለኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ተመርቆ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ካርቶን ውስጥ ይቀራል። የሠለጠነችው ነርስ ትዛወራለች። የሳንባ ምች መድኃኒቱ አሞክሳሲሊን ያልቃል፣ በሌለ መድኃኒት ደግሞ የትኛውም ገበታ አያክምም። መመሪያውም ይቀየራል፤ ዕድሜው ከ2 ወር በላይ ሆኖ ደረቱ የሚሰረጎድ ልጅ ድሮ ተኝቶ መርፌ ይወጋ ነበር፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ማሻሻያ ግን ሌላ አደገኛ ምልክት ከሌለው የሚዋጥ አሞክሳሲሊን ተሰጥቶት ቤቱ ሊታከም ይችላል። ስለዚህ እናንተ ባለሙያዎች፣ ግድግዳችሁ ላይ ያለው ገበታ ግርጌው ላይ የታተመበት ዓመት አለ፣ እስቲ ነገ ጠዋት እዩት።