የፋይል ሰዓትና ሲንክ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«አርሲንክ አዲሱን ፋይል በአሮጌ አይተካም።»
ይተካል። አርሲንክ በሁለት ቦታ ያሉ ፋይሎችን የሚያመሳስል (ሲንክ የሚያደርግ) ፕሮግራም ነው፤ ካልታዘዘ በቀር የሚያየው መጠኑና የመጨረሻው ለውጥ ሰዓት አንድ መሆናቸውን ብቻ ነው። ከተለያዩ የመድረሻው ፋይል አዲስ ቢሆንም ከምንጩ ይገለብጥበታል። አዲሱን እንዲያልፈው ከፈለጉ «አፕዴት» የሚለውን አማራጭ ይጨምሩ።

«የሁለቱም ማሽኖች ሰዓት ልክ ከሆነ ስጋት የለም።»
ብዙ ሥራ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። የተለመደው የኤፍቲፒ (ፋይል ወደ ሰርቨር መላኪያና መቀበያ ዘዴ) የፋይሎች ዝርዝር ሰዓትን ሲያሳይ የየትኛው የሰዓት ክልል እንደሆነ አይናገርም። አዲስ አበባ ያለው ላፕቶፕ ላይ አንድ ፋይል 09:00 ላይ ተስተካከለ እንበል። ባልደረባዎ 11:00 ላይ ሰርቨሩ ላይ ያለውን ቀየረ። ሰርቨሩ በዩቲሲ (ከአዲስ አበባ ሦስት ሰዓት ወደኋላ በሆነው ዓለም አቀፍ ሰዓት) ስለሚሠራ 08:00 ብሎ ይዘረዝረዋል። ላፕቶፕዎ ላይ ያለው የሲንክ ፕሮግራም ይህን እንደ አገር ውስጥ ሰዓት ካነበበው የእርስዎን «አዲስ» ብሎ ይልክና የባልደረባዎን ሥራ ያጠፋል። ዝርዝሩ ሰከንድ የለውም፤ ከስድስት ወር ገደማ በላይ ለቆዩ ፋይሎች ደግሞ በሰዓቱ ቦታ ዓመቱን ነው የሚጽፈው። ሰርቨሩ ኤምኤልኤስዲን (ሌላውን የኤፍቲፒ ዝርዝር ትዕዛዝ) ከደገፈ እሱን ይጠቀሙ፤ ሰዓቱን በዩቲሲ እስከ ሰከንድ ይሰጣል። ካልደገፈ በፕሮግራሙ ቅንብር የሦስት ሰዓቱን ልዩነት በእጅ ያስገቡ።

«አፕሎድ ሲደረግ ሰዓቱም አብሮ ይሄዳል።»
በኤፍቲፒ ብዙውን ጊዜ ፋይሉ የሚይዘው የደረሰበትን ሰዓት ነው። በአርሲንክም ሰዓቱን አብሮ የሚወስደው «ታይምስ» ወይም «አርካይቭ» የሚለው አማራጭ ካልተጨመረ እንዲሁ ነው፤ በሚቀጥለው ሲንክ ምንም ያልተነካው ሁሉ የተለወጠ ይመስላል።

«የአንድ ሰከንድ ልዩነት ለውጥ መኖሩን ያሳያል።»
ፋት32 (ብዙ ፍላሾች የሚጠቀሙበት የፋይል አያያዝ ሥርዓት) የለውጥ ሰዓትን የሚመዘግበው በሁለት ሰከንድ እርከን ነው። ፍላሽ ላይ ሲገለብጡ የሰዓት ልዩነትን እስከ ስንት ሰከንድ ቸል እንደሚል የሚወስነውን የአርሲንክ አማራጭ «ሞዲፋይ ዊንዶው»ን 1 ያድርጉት።

«ሰዓት ከተዛባ መጠን ብቻ ማወዳደር ይበቃል።»
250 የነበረው ዋጋ 350 ቢሆን የጽሑፍ ፋይሉ መጠን አይለወጥም። የሚሻለው በአርሲንክ ይዘትን የሚያወዳድረውን «ቼክሰም»ን ከ«ታይምስ» ጋር አንድ ጊዜ ማስኬድ ነው፦ ይዘታቸው አንድ የሆኑትን ሳይልክ ሰዓታቸውን ብቻ ያስተካክላል። በሁለቱም ወገን ያለውን ፋይል ሁሉ ስለሚያነብ ግን ለዕለት ተዕለት ሥራ ይከብዳል። የትኛው አዲስ እንደሆነም አይነግርዎትም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ምንም ሳይለውጥ በሚሞክረው «ድራይ ራን» ከ«ቨርቦስ» (ዝርዝር አሳይ) ጋር የሚለወጡትን ይዩ።