መላእክትን ማምለክ ወይስ ከመላእክት ጋር ማምለክ?

ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ስለመጣ ልመልሰው፦ «የጥንት አይሁድ መላእክትን ያመልኩ ነበር እንዴ?» ግራ የሚያጋባው ሁለት ነገር ስለሚደባለቅ ነው። መላእክትን ማምለክ ሌላ፣ ከመላእክት ጋር ሆኖ ማምለክ ሌላ።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ሙት ባሕር አጠገብ፣ ኩምራን ከተገኙት የጥንት አይሁድ የጽሑፍ ጥቅልሎች መካከል ለ13 ሰንበታት የተዘጋጁ 13 መዝሙሮች አሉ። በየሰንበቱ አንድ። ልብ በሉ፣ መዝሙሮቹ መላእክቱን «አመስግኑ» እያሉ ይጠሯቸዋል እንጂ አይለምኗቸውም። መላእክቱ በሰማዩ መቅደስ እንደ ካህናት ያገለግላሉ፣ ምስጋናው ግን የእግዚአብሔር ነው። ሙሉው በግእዝ ተጠብቆ የቆየልን መጽሐፈ ኩፋሌም ምዕራፍ 2 ላይ ታላላቆቹ መላእክት ሰንበትን በሰማይ እንደሚያከብሩ፣ እስራኤልም ከእነሱ ጋር እንዲያከብሩ እንደተመረጡ ይናገራል። እኔን በጣም ደስ የሚለኝ ይሄ ነው፤ ምድር ላይ ሰንበትን የሚያከብር ሰው ብቻውን አይደለም።

እስከዚህ ያለው በጽሑፎቹ ላይ ቁልጭ ብሎ የሚታይ ነው። የሚለያየው ዝርዝሩ ነው። ዳንኤል በስም የሚጠራው ሚካኤልንና ገብርኤልን ብቻ ነው፤ ጦቢት ላይ ሩፋኤል አለ፤ ሄኖክ ጋ ስትደርሱ ስሙ ይበዛል። ሰዱቃውያን የሚባሉት የአይሁድ ወገኖች ደግሞ በሐዋርያት ሥራ 23፥8 መሠረት መልአክ የለም ይሉ ነበር። ስለዚህ «አይሁድ ሁሉ እንዲህ ያምኑ ነበር» የሚል ሲገጥማችሁ፣ የትኞቹ፣ በየትኛው ዘመን ብላችሁ ጠይቁ።