የእብድ ውሻ በሽታ ቅድመ መከላከያ ክትባት ምንድን ነው? ለመንገደኛስ መቼ ያስፈልገዋል?

ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ስለ ክትባት ሲያስብ ቀድሞ የሚታወሰው የቢጫ ወባ ካርድ ነው፤ ለሐጅ ወይም ለዑምራ የሚጓዝ ከሆነ ደግሞ ሳዑዲ ዓረቢያ የምትጠይቀው የማጅራት ገትር ክትባት አለ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ግን ከእነዚህ ይለያል። ለመግቢያ ፈቃድ ተብሎ የሚጠየቅ ስላልሆነ ውሳኔው ለተጓዡና ለሐኪሙ የተተወ ነው፤ በዚህም ምክንያት አንዳንዱ ሳያስፈልገው ገንዘቡን ያወጣል፣ በእርግጥ የሚያስፈልገው ደግሞ ስሙን እንኳ ሳይሰማ ይሄዳል።

ቅድመ መከላከያ ክትባት የሚባለው ሰው በእንስሳ ከመነከሱ በፊት፣ ጤነኛ ሳለ የሚወጋው ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው ከንክሻ በኋላ የሚሰጠውን ሲሆን፣ በዕድሜ ከፍ ያሉ ሰዎች ደግሞ ከበግ አንጎል ይዘጋጅ የነበረውንና እምብርት ዙሪያ በየቀኑ ይወጋ የነበረውን የድሮውን መርፌ ያስታውሳሉ። የዚያ መርፌ ሥቃይ ትዝታ እስከ ዛሬ ሰዎችን ከክትባት ያርቃልና አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። አሁን የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ክትባት፣ ከንክሻ በፊትም ሆነ በኋላ የሚሰጠው አንድ ዓይነት ነው፤ በቤተ ሙከራ በሕዋሳት ላይ ካደገ ቫይረስ ይዘጋጃል፣ ቫይረሱም ተገድሎ ስለሚገባ በሽታውን ሊያስይዝ አይችልም፣ አዋቂ ሰው የሚወጋውም ክንዱ ላይ ነው። ለነፍሰ ጡርም ለሕፃንም ይሰጣል።

በሽታው ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ካልታወቀ የክትባቱ ትርጉም አይገባም። ቫይረሱ የሚኖረው በታመመው እንስሳ ምራቅ ውስጥ ሲሆን፣ በንክሻ፣ በጭረት ወይም የተላጠ ቆዳን በመላስ ወደ ሰው ይገባል። ከገባ በኋላ በደም አይጓዝም፤ የነርቭን መስመር ተከትሎ ቀስ በቀስ ወደ አንጎል ይወጣል። ይህ ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር የሚወስድ ሲሆን፣ ቁስሉ ለአንጎል በቀረበ መጠን፣ ለምሳሌ ፊትና አንገት ላይ ሲሆን፣ ሊያጥር ይችላል። በመካከሉ ያለው ጊዜ ሰውን የማዳኛ ጊዜ ነው። ውሃ መፍራትና መቃዠት ከጀመረ በኋላ ግን የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ሞቱ እርግጠኛ ነው ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ይገምታል፤ ወደ ሰው ከሚተላለፈው 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ ሲሆን፣ በተደጋጋሚ የሚጠቁትም ከ5 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች ናቸው።

ቅድመ መከላከያውን የወሰደ ሰው ውሻ ቢለክፈው ምንም አያስፈልገውም ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የተከተበም ሰው ከተነከሰ ቁስሉን አጥቦ ወደ ጤና ተቋም መሄድና እንደገና መወጋት ግዴታው ነው። ልዩነቱ በሚወጋው ነገር ላይ ነው። ከዚህ በፊት ያልተከተበ ሰው ሲነከስ ሰውነቱ ከክትባቱ የራሱን መከላከያ ለማዘጋጀት አንድ ሳምንት አካባቢ ይፈጅበታል፤ ያ ሳምንት ባዶ እንዳይሆን፣ ቆዳው ተሰንጥቆ ደም የወጣበት ከሆነ፣ ኢሚውኖግሎቡሊን የሚባል ዝግጁ ፀረ እንግዳ አካል በቁስሉ ውስጥና ዙሪያ ይወጋል። ይህ ፈሳሽ ከተከተቡ ሰዎች ወይም ፈረሶች ደም የሚወጣ ነው፤ መጠኑም በክብደት ተሰልቶ ከሰው የተገኘው ለአንድ ኪሎ ግራም 20 ዩኒት፣ ከፈረስ የተገኘው 40 ዩኒት ነው። ውድ ነው፣ ቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ አለበት፣ በብዙ አገሮችም እንደ ልብ አይገኝም፤ በእኛም አገር ክትባቱ ባለበት ቦታ ሁሉ እሱም ይኖራል ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ክትባት ከተሰጠ ሰባት ቀን ካለፈ ደግሞ ኢሚውኖግሎቡሊኑን መስጠት አይመከርም።

አስቀድሞ የተከተበ ሰው ሰውነት ግን ቫይረሱን ያውቀዋል፤ የማስታወሻ ሴሎቹ ሁለት መርፌ ብቻ፣ አንዱን በተነከሰበት ዕለት ሌላውን ከዚያ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሲያገኙ በፍጥነት ይነሣሉ። ኢሚውኖግሎቡሊን አያስፈልገውም። የዚህ ክትባት ትልቁ ጥቅም እንግዲህ ይህ ነው፦ መድኃኒቱ በሌለበት ቦታ የተነከሰን ሰው ከመድኃኒቱ ፍለጋ ያሳርፈዋል። እንዲያውም ለውሳኔው የሚበጀው ጥያቄ «የምሄድበት አገር እብድ ውሻ አለ ወይ?» የሚለው ብቻ አይመስለኝም። «ብነከስ፣ ኢሚውኖግሎቡሊን ያለው ሆስፒታል ለመድረስ ስንት ቀን ይፈጅብኛል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

በዚህ መለኪያ ከእኛ አካባቢ የሚነሣውን መንገደኛ ብንመዝነው ውጤቱ ብዙ ሰው ከሚጠብቀው የተለየ ነው። እንግሊዝና ጃፓን በውሻ የሚተላለፈውን በሽታ ካጠፉ አገሮች መካከል ናቸው፤ ወደዚያ ለትምህርት የሚሄድ ወጣት ይህን ክትባት ከወጪው መዝገብ ሊሰርዘው ይችላል። አውስትራሊያም የውሻው በሽታ የላትም፤ የሌሊት ወፎቿ ግን የቅርብ ዘመዱ የሆነ ቫይረስ ስላላቸው በእጅ መንካት አይገባም። ከወሎ ብዙ ወገን ወደ ሳዑዲ ይሄዳል። በጅዳ ወይም በሪያድ ከተማ በሰው ቤት የምትሠራ እህት ውሻ የምታገኝበት አጋጣሚ አነስተኛ ነው፤ በበረሃ ፍየልና ግመል የሚጠብቀው ወንድም ግን ከውሻና ከቀበሮ ጋር ይውላል፣ ሐኪም ቤትም ይርቀዋልና ለእርሱ ክትባቱን እመክራለሁ። ለሕክምና ወደ ሕንድ የሚሄድስ? በበሽታው ከሚሞተው የዓለም ሰው ከሲሶ በላይ የሚሆነው በሕንድ እንደሆነ ይገመታል፤ ነገር ግን በትልቅ ከተማ ሆስፒታል ተኝቶ ጥቂት ሳምንት ለሚቆይ ሰው የጎዳና ውሻን መራቅና ከተነከሰ በዚያው ዕለት መታከም ይበቃዋል።

የበለጠ የሚያሳስበኝ በተቃራኒው መንገድ የሚመጣው ነው። ኮምቦልቻ ያለች የአክስቴ ልጅ፣ ወንድሟ ከአሜሪካ ሁለት ትንንሽ ልጆቹን ይዞ ለሁለት ወር ሊመጣ እንደሆነ ነግራኝ ምን ማዘጋጀት እንዳለባት ስትጠይቀኝ፣ ስለ ውሃቸውና ስለ ወባ ተነጋግረን ከጨረስን በኋላ ስለ ውሻ አነሣሁባት። እዚያ ያደገ ልጅ የሚያውቀው ውሻ ሶፋ ላይ የሚተኛውንና የተከተበውን ነው። ደሴ ፒያሳ ሥጋ ቤት በር ላይ የሚጠብቀውን፣ ወይም የገጠር ዘመድ ሲጠየቅ ከግቢ የሚወጣውን ውሻ እንደዚያው መስሎት ሊያሻሸው ይሄዳል። ልጅ ቁመቱ አጭር ስለሆነ ንክሻው ፊቱ ላይ ይሆናል፤ ትንሽ ጭረት ከሆነም ቁጣ ፈርቶ ሊደብቅ ይችላል። ቤተሰቡ ከከተማ ወጥቶ ወደ ገጠር የሚዘልቅ ከሆነ ልጆቹ ከመነሣታቸው በፊት በሚኖሩበት አገር ቢከተቡ የሚሻል መሆኑን ነግሬያት ለወንድሟ ደውላለች።

አወሳሰዱ ቀላል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ምክር መሠረት ሁለት ቀጠሮ ይበቃል፤ የመጀመሪያው ዛሬ ቢሆን ሁለተኛው ከሰባት ቀን በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ሦስት ቀጠሮ ይጠየቅ ስለነበር አሁንም ሦስተኛ የሚጨምሩ አገሮች አሉ፤ የመከላከል ዐቅሙ በሕመም ወይም በመድኃኒት የደከመ ሰውም ከሐኪሙ ጋር የተለየ መርሐ ግብር ያስፈልገዋል፣ ቢነከስም ኢሚውኖግሎቡሊኑ አይቀርለትም። አንዱን ብቻ ወስዶ የተሳፈረ ሰው እንዳልተከተበ ይቆጠራልና ጉዞው ከመድረሱ ሦስት ወይም አራት ሳምንት አስቀድሞ መጀመር ይበጃል። ሁለቱን የጨረሰ ተራ መንገደኛ በየዓመቱ ማሳደስ የለበትም።

ተከተበም አልተከተበም፣ የተለከፈ ሰው በመጀመሪያ ቁስሉን በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ይጠብ። ሳሙና ቫይረሱን ስለሚገድል ይህ ከሕክምናው ግማሹ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ቁስሉ ላይ ቅጠል መለጠፍ ወይም ሌላ ነገር መቀባት ግን ቀኑን ያስበላል። ጠበል ወይም ዱዓ የሚያስፈልገው ሰው ከመርፌው ጋር አብሮ ሊያደርገው ይችላል፣ በመርፌው ፈንታ ግን አይሁን። ውሻውን ወዲያው የመግደል ልማዳችንም ይጎዳናል፤ የሚታወቅና ሊታሰር የሚችል ውሻ ከሆነ አሥር ቀን መጠበቁ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም በምራቁ ቫይረስ የሚያወጣ ውሻ በዚያ ጊዜ ውስጥ ታምሞ ይሞታል። መርፌው ግን አሥሩን ቀን አይጠብቅም፤ በዕለቱ ተጀምሮ ውሻው ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ሐኪሙ ያቋርጠዋል። የተከተበ ሰው ደግሞ የክትባት ካርዱን ከፓስፖርቱ ጋር ይያዘው፤ ሐኪሙ ሁለት መርፌ ብቻ ይበቃዋል ብሎ የሚወስነው በካርዱ ላይ የተጻፉትን ሁለት ቀኖች አይቶ ነው።