ዶክተር ሜይ ጀሚሰን፦ ከሴራሊዮን ክሊኒክ እስከ ጠፈር

ሜይ ጀሚሰን ወደ ጠፈር የወጣች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። ብዙ ሰው የሚያውቃት በዚሁ ነው። ከዚያ በፊት ግን አፍሪካ ውስጥ የሠራች ጎበዝ ሐኪም ነበረች። ይህ የሕይወቷ ክፍል ሰፋ ተደርጎ ሊነገር ይገባዋል።

እ.ኤ.አ. በ1956 አላባማ ተወልዳ ቺካጎ አደገች። ገና በ16 ዓመቷ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገብታ በኬሚካል ምህንድስና ተመረቀች። በ1981 ደግሞ ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ዲግሪዋን ያዘች።

ከ1983 እስከ 1985 በሴራሊዮንና በላይቤሪያ ፒስ ኮር የተባለው የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች ድርጅት ሐኪም ሆና ሠራች። እዚያ እያለች አንድ በጎ ፈቃደኛ በጠና ታመመ። ሌላ ሐኪም ወባ ነው ብሎት ነበር። እሷ ግን ማጅራት ገትር ነው ብላ ጠረጠረች። እዚያው ሊታከም እንደማይችልም ገባት። ወደ ጀርመን የሚወስድ የአሜሪካ ጦር ኃይልን የሆስፒታል አውሮፕላን አዘዘች። ወጪው 80 ሺህ ዶላር ነው። የአሜሪካ ኤምባሲ ይህን የማዘዝ ሥልጣን እንዳላት ሲጠይቃት፣ ለሕክምና ውሳኔ የማንም ፈቃድ እንደማያስፈልጋት ረጋ ብላ አስረዳች። ጀርመን ሲደርሱ ከታማሚው አጠገብ 56 ሰዓት ቆይታለች። ታማሚውም ተረፈ።

በ1987 ናሳ ከ2 ሺህ ገደማ አመልካቾች 15 ሰው ሲመርጥ አንዷ ሆነች። የመለመለቻት ተዋናይት ኒሼል ኒኮልስ ናት የሚሉ አሉ። ጀሚሰን ራሷ የምትናገረው ግን ኒኮልስን በልጅነቷ በስታር ትሬክ የቴሌቪዥን ድራማ እያየች መነቃቃቷን ነው።

በኢንዴቨር መንኮራኩር የተነሣችው ሴፕቴምበር 12 ቀን 1992 ነው። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 2 ቀን 1985፣ የእንቁጣጣሽ ማግስት መሆኑ ነው። ጉዞው ከጃፓን ጋር በጋራ የተካሄደ ሲሆን፣ ከ190 ሰዓት በላይ ፈጅቶ ምድርን 127 ጊዜ ዞሯል። ከሙከራዎቹ አንዱ በእንቁራሪቶች ላይ ነበር። እንስቶቹ ሆርሞን ተወግተው እንቁላል ጣሉ። የስበት ኃይል በሌለበት የተፈለፈሉት ግልገሎችም በደህና አደጉ። ጀሚሰን በአጥንት ሴሎች ላይም ምርምር አድርጋለች። ከሴራሊዮን የመጣ የቡንዱ (የሴቶች ማኅበር) ቅርጽና የጥቁር አሜሪካዊቷን አብራሪ የቤሲ ኮልማንን ፎቶም ይዛ ነው የወጣችው። አፍሪካን አልረሳችም!

በ1993 ናሳን ለቀቀች። ከ1995 እስከ 2002 በዳርትማውዝ ኮሌጅ አስተማረች። ከ2012 ጀምሮ ደግሞ የሰው ልጅ በ100 ዓመት ውስጥ ወደ ሌላ ኮከብ የሚጓዝበትን አቅም ለመገንባት የተቋቋመውን ፕሮጀክት ትመራለች።