የወንዝ ምርኩዝ ምንድን ነው?

ወንዝ ውስጥ ገብቶ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው በአንድ እጁ የማጥመጃ ዘንጉን፣ በሌላው ዱላ ይዞ አይታችሁ ይሆናል። ያ ዱላ የወንዝ ምርኩዝ ነው። አሜሪካ ያሉ የማጥመጃ ዕቃ ሱቆች ዌዲንግ ስታፍ ይሉታል። ቁመቱ ከመሬት እስከ ደረት ገደማ ነው። ከእንጨት፣ ከአሉሚኒየም ወይም ከካርቦን ይሠራል። በቀጭን ገመድ ከወገብ ጋር ይያያዛል። ዕቃው ይኸው ነው፤ የተወሳሰበ ነገር የለውም።

አጠቃቀሙ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ምርኩዙን የሚገዛው ድንገት ሲንሸራተት ሊደገፍበት ነው። እስከዚያው ጎኑ ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል። ሰው አንዴ ሚዛኑን ከሳተ በኋላ ግን ዱላውን ፈልጎ፣ ከታች ጠንካራ ቦታ አግኝቶ፣ ተክሎ ለመደገፍ ጊዜ የለውም። የምርኩዝ ዋና ሥራ ከእግር ቀድሞ መሄድ ነው። ጥልቀቱን ይለካል። ድንጋዩ ይነቃነቅ እንደሆነ፣ አሸዋው ይሰምጥ እንደሆነ ይነግራችኋል። እግር የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ያህል ጥንቃቄ ለምን አስፈለገ? የውሃ ግፊት ከፍጥነቱ ጋር እኩል ስለማያድግ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ከዳር ሲታይ ትንሽ ፈጠን ያለ የሚመስለው ቦታ፣ ሲገቡበት እግር ይነቅላል። ጥልቀቱ ደግሞ በሁለት በኩል ይጎዳል። ውሃው ከጉልበት ወደ ጭን፣ ከጭን ወደ ወገብ ሲወጣ የሚገፋው የሰውነት ክፍል ይሰፋል። በዚያው ልክ ውሃው ወደ ላይ ስለሚያነሳን ክብደታችን ይቀላል፤ ጫማችንም መሬቱን የሚቆነጥጥበት አቅም ያንሳል። ደረቱ ድረስ የገባ ሰው በእግሩ የቆመ ቢመስለውም አብዛኛውን ክብደቱን የተሸከመው ውሃው ነው።

ዓይንም ያታልላል። ብርሃን ከውሃ ሲወጣ ስለሚታጠፍ የወንዙ ወለል ከእውነተኛ ቦታው ከፍ ብሎ ይታያል። ቀጥ ብላችሁ ከላይ ብታዩት እንኳ የአንድ ሜትር ጥልቀት 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ይመስላል። ከዳር ሆናችሁ በሰያፍ ስታዩት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ምርኩዛችሁ ላይ በጉልበታችሁና በጭናችሁ ልክ ባለ ቀለም ፕላስተር ጠቅልሉ። ወደፊት ዘርግታችሁ ስትተክሉት ውሃው የትኛውን ምልክት እንደሸፈነ ታያላችሁ። ርካሽ ነገር ነው፣ ግን ከማውቃቸው ዘዴዎች ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህንን ነው።

አረማመዱ እንዲህ ነው። ፊታችሁን ወይም ጎናችሁን ውሃው ወደሚመጣበት አዙሩ። ጀርባ አይሰጥም፤ ውሃ ከኋላ ሲገፋ ጉልበት ይታጠፋል። ምርኩዙን ውሃው በሚመጣበት በኩል ትከሉና ትንሽ ደገፍ በሉበት። አሁን ሦስት እግር አላችሁ። ከሦስቱ በአንድ ጊዜ አንዱ ብቻ ይንቀሳቀስ። መጀመሪያ ምርኩዙ፣ ቀጥሎ አንዱ እግር፣ ከዚያ ሌላው። እግራችሁን ከፍ አድርጋችሁ አታንሱ፤ ወለሉን እየዳበሰ ይሂድ። እግር ማጠላለፍም አያስፈልግም። ትልልቅ ድንጋይ ላይ ከመውጣት በመሃላቸው ያለውን ጠጠር ፈልጉ። ለመሻገር ደግሞ ሰፊውን ቦታ ምረጡ። ወንዝ በሰፋበት ብዙ ጊዜ ጥልቀቱ ትንሽ ነው። በጠበበበት ያው ውሃ ተጨናንቆ ስለሚያልፍ ይጠልቃል፣ ይፈጥናልም።

ከመግባታችሁ በፊት ግን ውሃው ወደሚወርድበት በኩል ተመልከቱ። ብትወድቁ ውሃው የሚያደርሳችሁ ወዴት ነው? ዝግ ያለና ጥልቀት የሌለው ዳር ከሆነ ጥሩ። ውሃው ላይ የተጋደመ ዛፍ ካለ ግን እዚያ ቦታ አትግቡ። ውሃው በቅርንጫፎቹ መሃል ያልፋል፤ ሰው ግን ተጣብቆ ይቀራል። ወንዝ ላይ ከሁሉ በላይ የምፈራው ይህንን ነው።

ሌላው ወጥመድ ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። ወደ ታች መሄድ ይቀላል፤ ውሃው ራሱ ያግዛል። ዓሣው ትንሽ ራቅ ያለ ይመስላችኋል። አንድ እርምጃ ወረድ፣ አንድ እርምጃ ጠለቅ ትላላችሁ። ለመመለስ ስትዞሩ ያው ውሃ ፊት ለፊት ይገፋችኋል። አበው ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት በከንቱ አይደለም። በየጥቂት እርምጃው ቆም ብላችሁ በመጣችሁበት መመለስ ትችሉ እንደሆነ ሞክሩ። ደግሞም መግባቱ ራሱ ሁልጊዜ አያስፈልግም። ትራውት የሚባለው የቀዝቃዛ ወንዝ ዓሣ ብዙ ጊዜ ከዳሩ ብዙም ሳይርቅ፣ ከድንጋይ ጀርባ ወይም ከተቦረቦረ ገደል ሥር ነው የሚቆመው። በጥድፊያ የገባ ሰው ሊይዘው የሚችለውን ዓሣ ረግጦ ያባርረዋል።

መቼ መመለስ እንዳለበት ቁጥር ለሚፈልግ አንድ ስሌት አለ። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ የወንዝ ፍሰት ለካዮች ይጠቀሙበታል። ጥልቀቱን በጫማ (በፉት)፣ ፍጥነቱን ደግሞ በሴኮንድ ስንት ጫማ እንደሆነ ይይዙና ሁለቱን ያባዛሉ። ውጤቱ 10 ከደረሰ አይገቡም። ወደ ሜትር ሲቀየር ገደቡ 0.9 አካባቢ ይሆናል። ፍጥነቱን ለማወቅ ቅጠል ጣሉና 5 ሜትር ለመሄድ ስንት ሴኮንድ እንደወሰደበት ቁጠሩ። 5 ሴኮንድ ከወሰደበት ፍጥነቱ በሴኮንድ 1 ሜትር ነው። ጥልቀቱ ግማሽ ሜትር ከሆነ ብዜቱ 0.5 ይመጣል። ወገብ ድረስ፣ 90 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 0.9፣ ማለትም ገደቡ ላይ ናችሁ። ይህ ገደብ ለሠለጠነ ባለሙያ የወጣ መሆኑን ግን አትርሱ። እኔ ከ0.5 በላይ አልገባም። ይኸው መሥሪያ ቤት ብዙ ወንዞች ላይ መለኪያ ተክሏል፤ የዕለቱን የውሃ መጠን ከቤት ሳትወጡ በስልካችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ስትገዙ ሱቁ ውስጥ ዘርግታችሁ በሙሉ ክብደታችሁ ተደገፉት። የሚታጠፉት ዓይነቶች ለመያዝ ይመቻሉ፤ መገጣጠሚያው የላላ ከሆነ ግን በተፈለገበት ሰዓት ይከዳል። የተራራ መውጫ ዱላ ያለው ሰው አዲስ መግዛት አያስፈልገውም። ጫፉ ላይ ያለችውን ክብ ፕላስቲክ ግን ያውልቅ፤ ውሃ ትይዛለች። የእጅ ማሰሪያውን አንጓ ላይ መጠምጠም አደገኛ ነው። ዱላው ድንጋይ መሃል ከተሰነቀረ እጃችሁ አብሮ ይያዛል። ወገብ ላይ ያለው ገመድም በአንድ ጊዜ የሚፈታ ይሁን። ደኅና የቆረጣችሁት ጠንካራ እንጨትም ይሠራል።

ጫማ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ በተለይ ሜሪላንድ ለምትኖሩ። ድሮ አጥማጆች የሚመርጡት ሶሉ ከወፍራም የሱፍ መሰል ጨርቅ፣ ከፌልት የተሠራውን ጫማ ነበር። አልጌ የለበሰ ድንጋይ ላይ ከጎማ ይልቅ ይይዛል። ችግሩ ጨርቁ እርጥበት ይዞ ስለሚቆይ ዲዲሞ የሚባለውን አልጌና ሌሎች ተዛማች ነገሮችን ከወንዝ ወደ ወንዝ ያሻግራል። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ2011 ከለከለችው። ስለዚህ ከባልቲሞር በስተ ሰሜን ወዳለው ጋንፓውደር ፎልስ ወንዝ ለትራውት ስትሄዱ የምታደርጉት ባለ ጎማ ሶል ነው፤ ብረት ጥርስ ያለው ቢሆን ይመረጣል። የፌልትን ያህል ስለማይቆነጥጥ ምርኩዙ የበለጠ ያስፈልጋል። ጋንፓውደር ላይ ከላይ ፕሪቲቦይ ግድብ አለ። ከግድብ በታች ያለ ወንዝ ደግሞ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ ውሃ ሲለቀቅ ሊሞላ ይችላል።

እስከ ደረት የሚደርሰውን ውሃ የማያስገባ ሱሪ፣ ዌደርስ የሚባለውን፣ ብዙ ሰው ይፈራዋል። ውሃ ከገባበት ወደ ታች ጎትቶ ያሰምጣል ይባላል። ሊ ዉልፍ የተባለው ዝነኛ አሜሪካዊ አጥማጅ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ዌደርስ እንደለበሰ ከድልድይ ላይ ባተንኪል ወንዝ ውስጥ ዘሎ እምነቱ ስህተት መሆኑን አሳይቷል። ውሃ ውስጥ ያለ ውሃ አይከብድም። የሚከብደው ስትወጡ ነው፤ መዋኘትም ያስቸግራል። ለዚህ መላው ቀበቶ ነው። ወገብ ላይ ጠበቅ ተደርጎ ሲታሰር የሚገባው ውሃ ይቀንሳል። ያለ ቀበቶ አትግቡ። ላይፍ ጃኬት ብትጨምሩበት ደግሞ ደስ ይለኛል። አሁን እንደ ማንገቻ የሚለበስ፣ ሲፈለግ በአየር የሚሞላ ቀጭን ዓይነት አለ።

ከወደቃችሁስ? መጀመሪያ ትንፋሻችሁን አረጋጉ። ቀዝቃዛ ውሃ ድንገት ሲነካን ሳናስበው አየር እንስባለን፤ ያኔ አፍ ከውሃ በላይ መሆን አለበት። የማጥመጃውን ዘንግ ልቀቁት፤ ይገዛል። በጀርባ ተንጋለሉ። እግራችሁ ውሃው ወደሚሄድበት ይዘርጋ፣ የጫማችሁ ጫፍ ከውሃው በላይ ይታይ። በእጃችሁ እየቀዘፋችሁ በሰያፍ ወደ ዳር ሂዱ። ፈጣን ውሃ ውስጥ ለመቆም አትሞክሩ። እግር በድንጋይ መሃል ከተሰነቀረ ውሃው ሰውነትን ወደፊት ጥሎ ፊትን ይደፍቃል። የምትቆሙት ውሃው ከጉልበት በታች ሲሆን ብቻ ነው።

ምርኩዝ የማያድንባቸው ቦታዎችም አሉ። የዋሽንግተንና አካባቢው ነዋሪ ለሽርሽር የሚሄድበት ግሬት ፎልስ አንዱ ነው። እዚያ ፖቶማክ ውስጥ መዋኘትም ሆነ በእግር መግባት ክልክል ነው፤ ከላይ ጸጥ ያለ የሚመስለው ውሃ ከሥር ኃይለኛ ነው። አገር ቤት ደግሞ አዞ ያለባቸው ባሮና ኦሞን የመሰሉ ወንዞች ናቸው። እዚያ ማጥመድ ከዳር ነው፣ እሱም ራቅ ብሎ።

በአንጻሩ የባሌ ተራሮች ወንዞች ምርኩዝ ይዞ ለመግባት የሚመቹ ናቸው። ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ትራውት አላቸው። ውሃው ቀዝቃዛ፣ ወለሉ ድንጋያማ ነው። ዲንሾ አካባቢ ፀሐይ እያለ ከላይ ተራራው ላይ ሊዘንብ ስለሚችል ዓይናችሁን ከውሃው አትንቀሉ። ጥርት ያለው ውሃ ሲደፈርስ፣ ቅጠልና ጭራሮ መንሳፈፍ ሲጀምር፣ ደርቆ የነበረ ድንጋይ ሲሸፈን ወዲያው ውጡ። የምትወጡትም መንገዱ ወይም መኪናው ባለበት በኩል ነው። ማዶ ከቀራችሁ ከፍ ያለ ቦታ ይዛችሁ ጠብቁ። የደጋ ወንዝ ቶሎ እንደሚሞላ ሁሉ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ቶሎ ይጎድላል።