የአሜሪካ ሴቶች ኳርተር ምንድን ነው? ሳንቲም ላይ ማን እንደሚቀረጽ የሚወስነውስ ማን ነው?

እኛ አገር ሳንቲም ወደ ላይ ሲወረወር «ዘውድ ወይስ ጎፈር?» ይባላል። ዘውዱ ንጉሡ፣ ጎፈሩ አንበሳው መሆኑ ነው። የንጉሡ መልክ ከሳንቲማችን ላይ ከጠፋ ብዙ ዘመን ቢሆነውም ቃሉ አፋችን ላይ ቀርቷል። ከዚያም በፊት አያቶቻችን በጠገራ ብር ሲገበያዩ የኦስትሪያዋን ማሪያ ቴሬዛን ፊት አሳምረው ያውቁት ነበር። ለእኛ እንግዲህ ሳንቲም ላይ የሚወጣ ሰው ማለት የነገሠ ሰው ነው።

አሜሪካ ውስጥ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ የሚኖርና ላውንደሪ ቤት ቆሞ ኳርተር፣ ማለትም የዶላር ሩብ የሆነውን ሳንቲም፣ የሚቆጥር ሰው ሳያስተውለው አይቀርም። አንዱ ሳንቲም ጀርባ ላይ ክንዶቿን ወደ ላይ የዘረጋች ጥቁር ሴት አለች። ሌላው ላይ ለበረራ የምትዘጋጅ አብራሪ፣ ሌላው ላይ በመንኩራኩር መስኮት አጠገብ ያለች ጠፈርተኛ። እነዚህ ናቸው የአሜሪካ ሴቶች ኳርተር የሚባሉት። ከ2022 እስከ 2025 በየዓመቱ 5፣ በድምሩ 20 ሴቶች ወጥተዋል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሳንቲሞቹ ለማስታወሻ ብቻ የተሠሩ አይደሉም። 25 ሳንቲም የሚያወጡ፣ ገበያ ላይ የሚዞሩ እውነተኛ ገንዘብ ናቸው።

ማን መረጣቸው? መነሻው በ2021 መጀመሪያ የጸደቀ የኮንግረስ ሕግ ነው። የመጨረሻው ውሳኔ የገንዘብ ሚኒስትሩ ነው፤ ሕጉ ግን ብቻቸውን እንዲወስኑ አይፈቅድም። ስሚዝሶኒያን ከሚባለው የአሜሪካ ሙዚየሞች ተቋም የሴቶች ታሪክ ክፍል፣ ከብሔራዊ የሴቶች ታሪክ ሙዚየምና ከኮንግረስ የሴት አባላት ኅብረት ጋር መመካከር አለባቸው። ሕዝቡም ስም እንዲጠቁም ተጋብዞ ነበር። ሃያዎቹ ሲመረጡ በወንበሩ ላይ የነበሩት ጃኔት የለን ናቸው። እሳቸው ራሳቸው ያንን ሥልጣን የያዙ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው።

ሕጉ አንድ ጠንከር ያለ ነገር ይዟል። በሕይወት ያለ ሰው አይመረጥም። በ2007 ለጀመሩት የፕሬዚዳንቶች የአንድ ዶላር ሳንቲሞችማ መሞት ብቻ አልበቃም፤ ከሞቱ ቢያንስ ሁለት ዓመት መሙላት ነበረበት። ይህ በጣም ደስ የሚለኝ ደንብ ነው። ባለሥልጣን በቁሙ ራሱን ገንዘብ ላይ እንዳያስቀርጽ ይከለክላል። በርግጥ አሜሪካም ሁልጊዜ አልጠበቀችውም። በ1926 የነፃነት 150ኛ ዓመት ሲከበር በወቅቱ ሥልጣን ላይ የነበረው ካልቪን ኩሊጅ ለመታሰቢያ በወጣ የግማሽ ዶላር ሳንቲም ላይ ተቀርጿል።

ሐሳቡ ሥሩ ሩቅ ነው። በ1792 የመጀመሪያው የሳንቲም ሕግ ሲረቀቅ ሴኔቱ የፕሬዚዳንቱ ምስል ይውጣ ብሎ ነበር። የተወካዮች ምክር ቤቱ አልተቀበለውም። ይህ የነገሥታት ልማድ ነው፣ እኛ ከንጉሥ ገና መላቀቃችን ነው የሚል ክርክር ተነሣ። በመጨረሻ በሰው ፈንታ ነፃነትን የሚወክል ምስልና «ነፃነት» የሚል ቃል እንዲቀረጽ ተወሰነ። ለዚህ ነው ለመቶ ዓመት ያህል በአሜሪካ ሳንቲም ላይ የምትታየው ሴት ስም የሌላት፣ በአሳብ ብቻ ያለች ሴት የሆነችው።

የሚገርመው፣ እንዲህ ያለች አገር ለእኛ ንጉሥ ሳንቲም ሠርታለች። በ1944 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ምስል ያለበት የኢትዮጵያ ሳንቲም የተመታው በፊላደልፊያው የአሜሪካ ሳንቲም ማምረቻ ነው።

በመደበኛ የአሜሪካ ሳንቲም ላይ እውነተኛ ሰው የወጣው በ1909፣ አብርሃም ሊንከን በተወለደ በ100 ዓመቱ ነው። ከዚያ በሩ ተከፈተ። ዋሽንግተን በ1932 ኳርተር ላይ፣ ጄፈርሰን በ1938 ባለ 5 ሳንቲሙ ላይ ወጡ። ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1946 ባለ 10 ሳንቲሙ ላይ ወጣ። ሕዝቡ ለፖሊዮ ሕሙማን ሲያዋጣ የነበረው ይህንኑ ሳንቲም ነው፤ ሩዝቬልትም በዚያው በሽታ እግሮቹ የሰለሉ ሰው ነበር። ኬኔዲ በኅዳር 1963 ተገደለ፣ ሳንቲሙ በ1964 መጀመሪያ ኪስ ገባ።

ሴቶቹ ግን ጠበቁ። በ1893 በመታሰቢያ ሳንቲም ላይ የመጀመሪያዋ ሴት ስትወጣ እንኳ አሜሪካዊት ሳትሆን የስፔን ንግሥት ኢዛቤላ ነበረች። በመደበኛ ሳንቲም ላይ እውነተኛ ሴት የታየችው በ1979፣ ለሴቶች የመምረጥ መብት በታገለችው በሱዛን ቢ አንቶኒ ነው። ያም አልሰመረም። የዶላር ሳንቲሙ ከኳርተር ጋር እየተምታታ ሰው ጠላው። በ2000 ከነባር አሜሪካውያን ነገዶች አንዱ ከሆነው ከሾሾኒ የተወለደችው ሳካጋዊያ ልጇን አዝላ ወጣች። በሕይወት ሳለች የተሣለ ምስል ስለሌላት አርቲስቷ ሞዴል ያደረገችው አንዲት የሾሾኒ ወጣት ነው።

ከሃያዎቹ መካከል ልቤ ያለው ቤሲ ኮልማን ላይ ነው። በአገሯ ያሉ የበረራ ትምህርት ቤቶች ጥቁር ሴት አንቀበልም ሲሏት ፈረንሳይኛ ተምራ ፈረንሳይ ሄደች፣ በ1921 ፈቃዷን ይዛ ተመለሰች። በዚያ ዘመን በሩን የዘጋባት አገር ዛሬ ገንዘቡ ላይ ቀርጿታል። ቅር የሚለኝ ነገርም አለ። ፕሬዚዳንቶቹ በፊተኛው ገጽ ላይ ለአሥርተ ዓመታት ሲቀመጡ፣ ሴቶቹ የተሰጣቸው ጀርባው ነው፤ ያውም ለእያንዳንዳቸው አንድ ዓመት ብቻ።

ፊተኛው ገጽ ላይም ግን የአንዲት ሴት እጅ አለበት። ለ1932ቱ ኳርተር ውድድር ሲደረግ የሥነ ጥበብ ኮሚሽኑ የወደደው የቀራጺዋን የሎራ ጋርዲን ፍሬዘርን ዋሽንግተን ነበር። የገንዘብ ሚኒስትሩ አንድሪው ሜለን ግን የጆን ፍላናጋንን መረጡ። ኮሚሽኑ ቢከራከርም የሚሰማው አላገኘም። የሎራ ሥራ ኳርተር ላይ የዋለው በ2022፣ ከ90 ዓመት በኋላ ነው። እሷ በ1966 ስላረፈች አላየችውም። ኪሳችሁ ውስጥ እስከ 2025 የወጣ ኳርተር ካለ አውጥታችሁ ፊቱን እዩት። ዋሽንግተን ወደ ግራ ካየ የፍላናጋን ነው፤ ወደ ቀኝ ካየ የሎራ።