ጎጃም፦ ምርት ሞልቶ ምርታማነት ሲጎድል

ጎጃም ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለን ጤፍ ነው። «ትርፍ አምራች» የሚለው ስምም ከጎጃም ጋር ተጣብቆ የኖረ ነው። ዝናው የተገባ ነው። ግን ምርትና ምርታማነት አንድ አይደሉም። ምርት ማለት ስንት ኩንታል ተገኘ ነው። ምርታማነት ደግሞ ያን ለማግኘት ስንት ጥማድ መሬት፣ ስንት ቀን ጉልበት፣ ስንት ብር ወጣ የሚለው ነው። ተወዳዳሪነት ከዚያ ይቀጥላል። ያው እህል ገበያ ሲደርስ በዋጋና በጥራት ከሌላው ጋር ይገዳደራል ወይ?

ጎጃም ዓባይ በሦስት አቅጣጫ የከበበው ጥንታዊ ግዛት ነው። የድሮው ጠቅላይ ግዛት ዛሬ በዋናነት ምሥራቅ ጎጃም፣ ምዕራብ ጎጃምና አዊ ሆኖ በአማራ ክልል ይገኛል። መተከል ወደ ቤንሻንጉል ጉሙዝ ሄዷል። መሀል ላይ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ የሚለው የጮቄ ተራራ አለ። ከእሱ የሚነሱት ወንዞች በየአቅጣጫው ወርደው ዓባይ ይገባሉ። ከጮቄ ውርጭ እስከ ዓባይ በረሃ ባለው ርቀት ውስጥ ገብሱም፣ ድንቹም፣ ስንዴውም፣ ጤፉም፣ በቆሎውም፣ ሰሊጡም ቦታ አለው። እንዲህ ያለ መሬት ያለው አካባቢ ብዙ አይደለም።

በአገራችን ስለ ምርታማነት የሚወራው ብዙ ጊዜ «በሄክታር ስንት ኩንታል» ላይ ያልቃል። በዚህ መለኪያ ኢትዮጵያ ሩቅ ሄዳለች። በ1990ዎቹ አጋማሽ የአገሪቱ አማካይ የጤፍ ምርት በሄክታር ከ10 ኩንታል በታች ነበር። የበቆሎው 20 ኩንታል ገደማ ነበር። ከ2010 ዓ.ም ወዲህ ጤፉ ወደ 18፣ በቆሎው ወደ 40 ኩንታል ተጠግቷል። ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ድርሻ አላቸው። በ1998 ዓ.ም የተለቀቀው ቁንጮ የተባለው የጤፍ ዘርም እንዲሁ። አዴት ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ለጎጃም አየርና አፈር የሚስማማውን ዘር ሲፈትሽ ኖሯል።

ከሁሉ በላይ የሚያስተምረው ግን የበቆሎው ታሪክ ይመስለኛል። ቢኤች 660 የተባለው ድቅል በቆሎ በ1985 ዓ.ም ተለቀቀ። ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለው የግብርና ልማት ድርጅት ሥራውን የጀመረውም በዚያን ሰሞን ነው። የገበሬው ማሳ ላይ ግማሽ ሄክታር ሠርቶ ማሳያ እያዘጋጀ፣ ዘርና ማዳበሪያ በዱቤ እየሰጠ ነበር የሚሠራው። የምዕራብ ጎጃሞቹ ወረዳዎች ሜጫ፣ ጃቢ ጠህናን፣ ቡሬና ወምበርማ በበቆሎ ተሸፈኑ። ምርቱ በእርግጥም ጨመረ። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም ግን ዋጋው ቁልቁል ወረደ። ለማሰብሰብ የሚወጣው ገንዘብ ከሚሸጥበት ስለበለጠ ማሳ ላይ የቀረ በቆሎ ነበር። የማዳበሪያ ዕዳ ደግሞ ዋጋ ወደቀ ብሎ አይቀንስም። በሬውን ሸጦ የከፈለ ገበሬ ብዙ ነው። ብዙም ሳይቆይ ድርቅ መጣ፤ አገሪቱም የምግብ እርዳታ ጠየቀች። እህሉ ነበር። መጋዘኑ፣ መንገዱና ገዢው ግን አልነበሩም። ጎተራ የገባውን ደግሞ ነቀዝ ይጠብቀዋል።

ሁለተኛው ትምህርት ጤፍን በመስመር መዝራት ነው። ከ2003 ዓ.ም በኋላ በዘመቻ የተስፋፋ አሠራር ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። በብተና በሄክታር 30 ኪሎና ከዚያ በላይ ዘር ሲሄድ፣ በመስመር 5 ኪሎ ገደማ ይበቃል። ቡቃያው አይተፋፈግም፤ ለማረምም ይመቻል። ግን ጤፍ ደቃቅ ነው። በእጅ በመስመር መዝራት ቤተሰቡን ሁሉ ወገብ ይቆርጣል። ሐምሌ ላይ ደግሞ የሰው ጉልበት ከወርቅ ይወደዳል። በሄክታር ሲለካ ምርቱ ከፍ አለ፤ በወጣበት የጉልበት ቀን ሲለካ ግን ያን ያህል አልተረፈም። ብዙ ገበሬ ወደ ብተና የተመለሰው ለዚህ ነው። «ገበሬው ለውጥ አይቀበልም» የሚለውን ወሬ የማልወደውም ለዚህ ነው። ገበሬው ቀኑን ቆጥሮ ነው የወሰነው።

የአፈሩ ጉዳይ ሰፋ አድርጎ ማየት ይገባዋል። የምዕራብ ጎጃምና የአዊ ደጋ ብዙ ዝናብ ያገኛል። ያ ዝናብ በዘመናት ውስጥ ካልሲየምና ማግኒዚየሙን ከአፈሩ አጥቦ ወስዶታል። አፈሩ ኮምጣጣ ሆነ። በኮምጣጣ አፈር ውስጥ ፎስፈረስ ይታሰራል፤ አሉሚኒየሙ ሥሩን ይጎዳል። ገበሬው ማዳበሪያ በውድ ገዝቶ ይበትናል፤ ሰብሉ ግን አይጠቀምበትም። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ ይህ ችግር አለበት ይባላል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ኖራ። ችግሩ ኖራ ከባድ መሆኑ ነው። ለአንድ ሄክታር ብዙ ኩንታል ያስፈልጋል። ጥቅሙም ቀስ ብሎ ነው የሚታየው። ኖራውን ፈጭቶ ቀበሌ ድረስ ማድረስ አቅም ይጠይቃል። የምርታማነት ገንዘብ ቢሰጠኝ መጀመሪያ የማውለው እዚህ ላይ ነው።

የአዊ ገበሬ ግን ኖራ እስኪመጣለት አልጠበቀም። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ዲከረንስ የሚሉትን የግራር ዓይነት በእርሻው ላይ ተከለ። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ መሀል ጤፍ ይዘራል። ከ4 ወይም ከ5 ዓመት በኋላ ዛፉ ተቆርጦ ከሰል ይከሰላል። መሬቱ ያርፋል፤ ያገግማልም። ከዚያ እንደገና ጤፍ። የተራቆተው ኮረብታ ለመለመ፤ ከሰሉ ለከተማ ተጫነ፤ ለወጣቱም ሥራ ተገኘ። ይህን ማንም ባለሥልጣን አቅዶ አላመጣውም። ደካማ ጎኑም አለ። ሁሉም አንድ ዓይነት ዛፍ ሲተክል አንድ በሽታ ሁሉንም ያገኘዋል። ከ2012 ዓ.ም ወዲህ በዛፉ ላይ የወጣው የዋግ በሽታ ብዙ ተክል አድርቋል።

ወደ ፋብሪካው እንምጣ። የጎጃም ዘመናዊ ኢንዱስትሪ ታሪክ ሲነገር ቀድሞ የሚጠራው በ1953 ዓ.ም የተቋቋመው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። በ2013 ዓ.ም ደግሞ ቡሬ ላይ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። በአገሪቱ ከታቀዱት አራት የመጀመሪያ ፓርኮች አንዱ ነው። በዚያው ዓመት ቡሬ ላይ ፊቤላ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ደግሞ ደብሊው ኤ የተባሉ ትላልቅ የምግብ ዘይት ፋብሪካዎች ተከፈቱ። ፊቤላ ሲመረቅ በቀን እስከ 1.5 ሚሊዮን ሊትር ማምረት ይችላል ተብሎ ነበር። ያን ያህል ዘይት የሚወጣው ግን ከየት ካለ ጥሬ ዕቃ ነው? ጎጃም የኑግ አገር ነው። መስከረም ላይ ቢጫ ለብሶ የሚታየው ማሳ እሱ ነው። በሄክታር የሚገኘው ግን ትንሽ ስለሆነ ገበሬው መሬቱን ለበቆሎና ለጤፍ ይሰጣል። ኑግ ፍሬ ለመያዝ ንብ ይፈልጋል፤ ንቡ ደግሞ የኑጉን አበባ ማር ያደርገዋል። ፀረ አረምና ፀረ ተባይ ያለ ልክ ሲረጭ ሁለቱም ይጎዳሉ። ለበቆሎ የተደረገውን ያህል የዘር ምርምር ለኑግ ቢደረግ የዘይት ፋብሪካው መሠረት ይሰፋ ነበር። የቅባት እህሉ ካልተገኘ ያልተጣራ የምግብ ዘይት በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። እንግዲህ ያን ጊዜ የጎጃም ፋብሪካ ከጅቡቲ ወደብ ርቆ ነው የሚወዳደረው።

የውጭ ምንዛሪው ነገር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ወዲህ መልኩ ተቀይሯል። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ለላኪ ይጠቅማል። ከውጭ ለሚገባው ማዳበሪያ ግን ወጪው ይከብዳል። ጤፉ ራሱ ደግሞ ከ1998 ዓ.ም ጀምሮ በእህልነቱ ወደ ውጭ እንዳይላክ ተከልክሎ ቆይቷል። ሲላክ የኖረው በአብዛኛው እንጀራው ነው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ የከተማው ምግብ እንዳይወደድ ነው። ግን ዋጋውን የተሸከመው አምራቹ ነው።

በፋብሪካ ውስጥ ስላለው ምርታማነት ካይዘን የሚለውን ቃል ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። በ2002 ዓ.ም በጃፓን ድጋፍ 30 ያህል ፋብሪካዎች ላይ ተሞክሮ ኋላ ተቋም ሆነ። ዕቃ በቦታው ማስቀመጥ፣ ብክነት መቀነስ፣ ሠራተኛው ራሱ ሐሳብ እንዲያመጣ ማድረግ ነው ነገሩ።

መንገዱን ሳንረሳ። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የዓባይ በረሃ ግን ከሁሉ ይከብዳል። የጫነ መኪና ቁልቁል ፍሬን ይበላል፤ አቀበቱ ላይ ነዳጅ ይጨርሳል። ጃፓን የሠራችው የህዳሴ ድልድይ መሻገሪያውን አቃሏል። በ2016 ዓ.ም ባሕር ዳር ላይ የተመረቀው 380 ሜትሩ የዓባይ ድልድይም እንዲሁ። በ2015 ዓ.ም ማብቂያ በአማራ ክልል የተነሳው ጦርነት ግን መንገዱን በየጊዜው ዘግቶታል። ማዳበሪያ ዘገየ፤ ጤፍ መጋዘን ውስጥ ቆየ። ሹፌሩ ሥጋት ሲኖርበት የጭነት ዋጋ ይጨምራል። ያ ጭማሪ በመጨረሻ የሚወርደው ገበሬው ላይና እንጀራ በላተኛው ላይ ነው።

ከመራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ መስኖ ሌላ መልክ አለው። 7 ሺህ ሄክታር ገደማ እንዲያለማ የተሠራ ነው። ክረምት በቆሎ ያበቀለው ማሳ በጋ ላይ ስንዴ፣ ድንች፣ ሽንኩርት ያበቅላል። አንድ መሬት በዓመት ሁለቴ ሲሰጥ፣ ይህ እውነተኛ የምርታማነት ዕድገት ነው። ሽንኩርቱ ግን ሁሉም አንድ ሰሞን ሲያወጣው ዋጋው ይወድቃል፤ እንደ 1994ቱ በቆሎ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከቆጋ አቮካዶ ተለቅሞ በማቀዝቀዣ ኮንቴይነር አውሮፓ ይላካል። አቮካዶ ፍሬ ለመስጠት ሦስትና አራት ዓመት ይፈልጋል። ከተለቀመ በኋላ ግን ዕድሜው የሚቆጠረው በቀን ነው። ከመራዊ ተነስቶ ወደቡ እስኪደርስ መንገዱ ክፍት መሆን አለበት።